የኮምፒውተር ዳክ፦ በአነስተኛ ዋጋ መምረጥ

ዳክ፣ በሙሉ ስሙ ዲጂታል ቱ አናሎግ ኮንቨርተር፣ በቁጥር መልክ የተቀመጠን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጥ መሣሪያ ነው። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ያለው ላፕቶፕ ሁሉ በውስጡ ዳክ አለው። ገበያ ላይ በዚህ ስም የሚሸጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዩኤስቢ ከውጭ የሚሰካው ነው፤ ይህ መጣጥፍም የሚመለከተው ከ10 እስከ 100 ዶላር ገደማ የሚያወጣውን ነው።

የዛሬው ርካሽ ዳክ ጥሩ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ሶኒና ፊሊፕስ ሲዲን እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ሲያበቁ ለአንድ ሰከንድ ድምፅ በእያንዳንዱ ቻናል 44,100 ናሙና፣ ለእያንዳንዱ ናሙና ደግሞ 16 ቢት መደቡ። የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ከዚያ እጥፍ በላይ ናሙና ከተወሰደ ሞገዱን እንደነበረ መልሶ ማግኘት ይቻላል። ችግሩ የነበረው ቺፑን መሥራቱ ላይ ነው። የዚያን ጊዜ ዳኮች የእያንዳንዱን ቢት ክብደት ሳያዛንፉ ለማውጣት እጅግ የተስተካከሉ ክፍሎች ይፈልጉ ነበር። የፊሊፕስ የመጀመሪያው ማጫወቻ ባለ 14 ቢት ቺፕ ይዞ ጉድለቱን ያካካሰው የናሙናውን ፍጥነት አራት እጥፍ በማሳደግ ነበር። ኋላ የተስፋፋው ዴልታ ሲግማ የተባለ ዘዴ ይህንኑ መንገድ ገፋበት፦ ጥቂት ቢቶችን እጅግ በፈጠነ ምት ያወጣል፣ ስሕተቱንም ጆሮ ወደማይሰማው ከፍታ ያሻግረዋል። ቺፕ ላይ ፍጥነትን ማግኘት ርካሽ ነው፤ ውድ የነበረው ፍጹም ልኬት ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2018 በ9 ዶላር መሸጥ የጀመረው የዩኤስቢ ሲ የጆሮ ማዳመጫ አስማሚ ሙሉ ዳክና ትንሽ ማጉያ በውስጡ ይዟል፤ ሲለካም ብዙ እጥፍ ከሚያወጡ መሣሪያዎች ጋር የሚወዳደር ንጹሕ ድምፅ ይሰጣል።

ታዲያ የውጭ ዳክ የሚያስፈልገው ለማን ነው? የኮምፒውተሩ መሰኪያ የሚሰማ ችግር ላለበት ሰው ነው። በኮምፒውተር ውስጥ ፕሮሰሰሩ፣ የግራፊክስ ካርዱና የኃይል ክፍሉ የሚፈጥሩት የኤሌክትሪክ ረብሻ ወደ ድምፅ መስመሩ ሊገባ ይችላል። ምርመራው ቀላል ነው፦ ምንም ሳይጫወት የጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ ማውዙን ማንቀሳቀስና አንድ ከባድ ፕሮግራም መክፈት። ሽ የሚል ወይም የሚያፏጭ ድምፅ ከእንቅስቃሴው ጋር ከተለዋወጠ፣ ከውጭ የሚሰካ ርካሽ ዳክ አብዛኛውን ጊዜ ያስወግደዋል።

ኮምፒውተሩ ከማጉያና ከስፒከር ጋር ሲገናኝ ብቻ የሚሰማ ወፍራም የእምምም ድምፅ ግን ሌላ ነገር ነው። ምንጩ መሣሪያዎቹ በተለያየ መንገድ ከመሬት ጋር መገናኘታቸው ነው፤ እንደ ኢትዮጵያ ባለ 50 ኸርዝ መብራት በሚጠቀም አገር ድምፁ በ50 ኸርዝና በእጥፎቹ ላይ ይሰማል። የዩኤስቢ ገመድ ያንኑ የመሬት መስመር ስለሚያስተላልፍ ዳክ መግዛት ብቻውን ላይፈታው ይችላል። ኮምፒውተሩ የኦፕቲካል መውጫ ካለው፣ ኦፕቲካል መግቢያ ያለው ዳክ ይሻላል፤ ብርሃን ኤሌክትሪክ አይሸከምምና የሁለቱ ግንኙነት እዚያ ላይ ይቆረጣል።

በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው 32 ቢትና 768 ኪሎ ኸርዝ ለምርጫ እምብዛም አይጠቅምም። 16 ቢት በከፍተኛው ድምፅና በረብሻው መካከል 96 ዴሲቤል ያህል ርቀት ይሰጣል፤ ተራ ካሴት የሚሰጠው ከ50 እስከ 60 ገደማ ነው። በካሴት ዘመን ወጥቶ ከቴፕ ወደ ኮምፒውተር የተገለበጠ የአማርኛ ዘፈን ሽሽታውን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ይህን የሚያጠራ ዳክ የለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ብራድ ሜየርና ዴቪድ ሞራን የተባሉ አሜሪካውያን ባወጡት ጥናት፣ አድማጮች ከፍተኛ ጥራት ያለውን ቅጂ በ16 ቢትና በ44.1 ኪሎ ኸርዝ ካለፈው እንዲለዩ ተጠይቀው ከ554 ሙከራዎች ግማሽ ያህሉን ብቻ አገኙ፤ በግምትም የሚገኘው ያንኑ ያህል ነው።

በትንሹ የሚጻፉት ቁጥሮች ይበልጥ ትኩረት ይገባቸዋል። አንዱ የመውጫው ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም ልኬት) ነው፤ ከጆሮ ማዳመጫው ኦም አንድ ስምንተኛ ቢበዛ፣ ማለትም ለ32 ኦም ማዳመጫ 4 ኦም ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን ይመከራል። ከዚያ ከበለጠ የወፍራሙና የቀጭኑ ድምፅ ሚዛን ሊዛባ ይችላል። ሌላው ቮልቴጁ ነው። ለማጉያ የሚያገለግል ዳክ 2 ቮልት መስጠቱ የተለመደ ነው። የአፕሉ አስማሚ 1 ቮልት ገደማ ሲሰጥ ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው የዚያን ግማሽ ይሰጣል፤ ስለዚህ 300 ኦም ለሆነ ትልቅ ማዳመጫ ሊያንስ ይችላል። እስከ 24 ቢትና 96 ኪሎ ኸርዝ የሚሠሩ ቀላል ዳኮች ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይሠራሉ፤ ከዚያ በላይ ለሚሄዱት ዊንዶውስ 10 የራሱን ድራይቨር ያካተተው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

ሁለት ዳኮችን ማወዳደር የሚፈልግ አስቀድሞ የድምፃቸውን ጉልበት ያስተካክል። የ2 ቮልት መሣሪያ ከ1 ቮልቱ በ6 ዴሲቤል ስለሚበልጥ፣ ሌላ ልዩነት ባይኖራቸውም ጆሮ ጎላ ያለውን ይመርጣል። በሱቅ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በዚህ ነው።

የድምፅ ጠባይ በይበልጥ የሚለዋወጠው በማዳመጫውና በስፒከሩ ነው። መሰኪያው የማይረብሽና ጉልበቱ የሚበቃ ኮምፒውተር ያለው ሰው ገንዘቡን ለጆሮ ማዳመጫ ያውለው፤ ዳክ የግድ ካስፈለገውም ከ100 ዶላር በላይ አያውጣ።