የእንጦጦ ዛፎችና የተጻፈ ዕውቀት

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ ዛፍ፣ ስለ ዘርና ስለ ወረቀት ነው። «ሦስቱን ደግሞ ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። ቀስ ብለን እናየዋለን። በቅድሚያ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዓ.ም. ስል በአገራችን አቆጣጠር ነው። የውጭ አገር ነገር ሳነሣ እ.ኤ.አ. እላለሁ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማለት ነው።

እስቲ ዓይናችሁን ወደ እንጦጦ አንሡ። በየካ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በኮተቤ የምትኖሩ ሰዎች ተራራው ከጓሯችሁ ነው። ርቃችሁ የምትኖሩም በስም ታውቁታላችሁ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል። ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ነው። ነገር ግን የአረንጓዴው አብዛኛው ክፍል የተራራው የጥንት ዛፍ አይደለም። ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ማለት ነው።

ከእሱ በፊት በእንጦጦ ላይ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ይበቅሉ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥታቸውን እዚያ ሠርተው በተቀመጡ ጊዜ ሠራዊቱም ሕዝቡም ለቤትና ለማገዶ ዛፉን ይቆርጥ ጀመር። በ1879 ዓ.ም. ከተራራው ሥር አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ከተማዋ ስታድግ ደኑ እየራቀ ሄደ። እንጨት ፈላጊውም በየጊዜው መንገዱ ረዘመበት። በ1890ዎቹ ዓ.ም. ምኒልክ እንጨት ወደሚገኝበት ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው፣ እዚያ ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። አያችሁ፣ ማገዶ ያጣ ከተማ ቦታውን እስከ መልቀቅ ሊደርስ ይችላል።

አዲስ አበባ ሳትለቀቅ ከቀረችባቸው ምክንያቶች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። ዘሩ ወደ አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ነው። ቶሎ ያድጋል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለአጠናና ለማገዶ ይደርሳል። ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ቅጠሉን ከብት አይበላውም። ታዲያ ሕዝቡ ቢወደው ምን ይደንቃል?

ዘሩን ማን አመጣው? ብዙ መጻሕፍት የምኒልክ አማካሪ የነበረውን ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ ይጠቅሳሉ። ሌሎች ደግሞ የሌላ ሰው ስም ያነሣሉ። በጊዜው በመዝገብ ያልሰፈረ ነገር እንዲህ ሲያከራክር ይኖራል።

ከስሙ የሚበልጥ ቁም ነገርም አለ። በዚያን ዘመን በአውስትራልያ፣ በፈረንሳይ፣ በአልጄርያ ስለዚህ ዛፍ ብዙ ተጽፎ ነበር። የትኛው ዓይነት ለየትኛው አፈር እንደሚስማማ የመረመሩ ሰዎች ነበሩ። ዘሩ ተራራችን ላይ ሲደርስ ግን ጽሑፉ ለእንጦጦ ገበሬ አልደረሰውም። ስለዚህ ሰው ዛፉን ያወቀው ተክሎ፣ ኖሮ፣ አይቶ ነው።

ምን አየ? ከዛፉ ሥር ሣር ይመነምናል። ከእርሻ ዳር ሲተከል ሰብሉ ይቀጭጫል። ከምንጭ አጠገብ ሲተከል ደግሞ «ውሃችንን ጠጣብን» የሚል አቤቱታ ተነሣ። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል፣ በምትኩም ቅጠሉን የሐር ትል የሚመገበው የእንጆሪ ዛፍ እንዲተከል አዋጅ ወጣ። አዋጁ ግን አልተፈጸመም። እንዴት ይፈጸም? ሰው ቤቱን የሠራው በባሕር ዛፍ ነው፤ እንጀራውን የሚጋግረውም በባሕር ዛፍ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አንዱ ወገን «ይነቀል!» ይላል። ሌላው «ይተከል!» ይላል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። ነገር ግን የአንዱን ምንጭ ከሌላው ምንጭ፣ የአንዱን አፈር ከሌላው አፈር አስተያይቶ፣ ለክቶ፣ ጽፎ የሚያስቀምጥ ያስፈልጋል። ምርምር የምንለው ይህንን ነው። ማየት፣ መለካት፣ ማስተያየት፣ መጻፍ። ከዚያም ለሌላው ማካፈል።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አልነበረም። በህንድም፣ በብራዚልም፣ በሌሎች አገሮችም ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ባጭሩ ፋኦ፣ በልዩ ልዩ አገሮች ስለ ባሕር ዛፍ የተጻፈውን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ1985 አንድ መጽሐፍ አወጣ። መልሱ ምን ሆነ? «ለሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ መልስ የለም» የሚል ነው። የዛፉ ዓይነት፣ የዝናቡ መጠን፣ አፈሩ፣ የዛፎቹ መጠጋጋት ሁሉ ይለያያል። ዝናብ ባነሰበት አገር ከሰብልና ከምንጭ ጋር ይሻማል። የወደቀው ቅጠል ተጠርጎ ሲወሰድ መሬቱ ይራቆታል፤ ጎርፍም አፈሩን ይወስደዋል። በተስማሚ ቦታ በእቅድ ሲተከል ግን የቀረውን የተፈጥሮ ደን ከመጥረቢያ ሊያድን ይችላል።

አሁን ቁጥሩን አስተውሉ። ከ1905 ዓ.ም. አዋጅ እስከዚያ መጽሐፍ ድረስ 70 ዓመት አልፏል። በዚህ መካከል ስንት ሰው በምንጩ ዳር ተክሎ ይሆን? ስንቱስ ተክሎ፣ አይቶ፣ አውቆ፣ ያወቀውን ሳይጽፍ አለፈ?

ዕውቀት የሚሰበሰበው ከዛፍና ከአፈር ብቻ አይደለም፤ ከሰውም ነው። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የእንጦጦ እናቶችና ልጃገረዶች ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ወደ ከተማ ይወርዱ ነበር። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል። የዓለም የሥራ ድርጅት ስለ እነዚህ ሴቶች ኑሮ የተደረገ ጥናት በ1983 ዓ.ም. ገደማ አሳትሟል። ደን ጠባቂው እንጨቱን ሊቆጥር ይችላል፤ የሸክሙን ክብደትና የዕለት ገቢውን በትክክል የምትናገረው ግን ተሸካሚዋ ናት። እሷ ሳትጠየቅ የሚጻፍ የደን ጥናት ግማሹ ይጎድላል። ተጽፎ ካለቀ በኋላም በእንግሊዝኛ ብቻ መደርደሪያ ላይ ከቀረ፣ ለእሷ ያልተጻፈ ያህል ነው።

አሁን ከተራራው ወርደን እዚያው የካ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት እንሂድ። ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል። ሥራው የተጀመረው በ1968 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል ነበር። እዚያ ገንዘብ የማይቀመጥበት ባንክ አለ። የሚቀመጠው ዘር ነው። ከየአገሩ የተሰበሰበ የጤፍ፣ የገብስ፣ የስንዴ፣ የማሽላ፣ የባቄላ ዘር ደርቆ፣ ታሽጎ፣ በብርቱ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። ናሙናው ከ60 ሺህ በላይ ነው።

ታዲያ ልብ በሉ። እያንዳንዱ ዘር አብሮት የሚቀመጥ ጽሑፍ አለው። ከየት ወረዳ መጣ? ከፍታው ስንት ነው? መቼ ተሰበሰበ? ገበሬው በምን ስም ይጠራዋል? ጥቁር ገብስ ነው ወይስ ሰነፍ ቆሎ? ይህ ጽሑፍ ከጠፋ ያ ዘር እህል ብቻ ነው። ለቆላ ይሁን ለደጋ፣ ድርቅ ይቻል አይቻል ማን ይናገራል?

የጽሑፉን ጥቅም በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአሜሪካ፣ በካሊፎርንያ፣ ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ በሽታ ገባ። ከተክል ወደ ተክል የሚያዛምተው ክሽክሽ ነው። ተመራማሪዎች ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ የገብስ ዓይነቶችን ዘርተው ሞከሩ። በሽታውን ከቻሉት አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ገብሶች ሆኑ። «የኢትዮጵያ» መሆናቸው እንዴት ታወቀ? ከዘሩ ጋር የመጣበት አገር ተጽፎ ስለ ነበር ነው።

የአገራችን ገበሬዎች ግን ያንን ዘር ራሳቸው ሊያጡት ተቃርበው ነበር። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የተራበ ሰው የዘር እህሉን በላ። ምን ያድርግ? በዚያን ጊዜ የማዕከሉ ኃላፊ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደና የሥራ ባልደረቦቻቸው ዘሩ ጨርሶ እንዳይጠፋ ተሯሩጠው ሰበሰቡ። ቆየት ብለውም ዘሩ ተመልሶ በገበሬው ማሳ ላይ እንዲለማ ከገበሬዎች ጋር ሠሩ። ዶክተር መላኩ በዚህ ሥራቸው በ1982 ዓ.ም. «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ቁም ነገሩ ዘሩ መሰብሰቡ ብቻ አይደለም፤ ወደ ገበሬው መመለሱ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ወረቀቱ እንምጣ። በአገራችን የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ምርምር ሲበዛ ወረቀትም በዛ። ድሃ አገሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ችግር ነበረባቸው። ጥናቱ ይደረጋል፤ በጥቂት ቅጂ ይባዛል፤ በአንድ ቢሮ ሣጥን ውስጥ ይቀራል። የጎረቤት አገር ተመራማሪ ያንኑ ጥናት ከሀ ብሎ ይጀምረዋል። ገንዘቡም ዘመኑም ሁለት ጊዜ ይወጣል።

ለዚህ መላ ተፈለገ። ፋኦ እ.ኤ.አ. በ1975 አግሪስ የሚባል የመረጃ መዝገብ ሥራ አስጀመረ። አሠራሩ እንደ ዕቁብ ነው ብንል አይከፋም። እያንዳንዱ አገር በራሱ ምድር ስለ እርሻና ስለ ደን የታተመውን እየመዘገበ ወደ አንድ ቦታ ይልካል። በምትኩ የሁሉንም አገር መዝገብ ያገኛል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል የሚባለው? በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በጉርድ ሾላ በኩልም እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው የአፍሪካ የቁም ከብት ማዕከል፣ በአጠራሩ ኢልካ፣ በየአፍሪካ አገሩ በሣጥን የቀሩ ጽሑፎችን እየፈለገ ማይክሮፊሽ በሚባል ፊልም ላይ ያነሣ ነበር። እንደ ፖስታ ካርድ በምታህል አንዲት ፊልም ላይ እስከ 98 ገጽ ይሰፍራል። ያን ጊዜ ኮምፒዩተር ገና አልተስፋፋም።

ዛሬ አግሪስን በኢንተርኔት መመልከት ይቻላል። ይህ ለተመራማሪው መልካም ነው። ለገበሬውስ? በ1985 ዓ.ም. ገደማ ስለ ኢትዮጵያ ጠቃሚ ዛፎች አንድ መጽሐፍ ታተመ። አዘጋጁ አዘነ በቀለ ተሰማ ናቸው። የዛፎቹን የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የትግርኛና የሌሎች ቋንቋዎች ስም ከሳይንሱ ስም ጋር አስተያይቶ ይዟል። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ 8028 የሚባል የስልክ መስመር ተከፍቶ፣ ገበሬው በቋንቋው የእርሻ ምክር በጆሮው እንዲሰማ ተደረገ። ዕውቀት ወደ መጣበት ሲመለስ እንዲህ ነው።

ውድ አንባቢ፣ የእናንተስ ድርሻ ምንድን ነው? ፊደል ቆጥራችኋል። አሁን ማንበብ ብቻ ሳይሆን መጻፍም ትችላላችሁ። ችግኝ ስትተክሉ፣ ዘር ስትዘሩ አራት ነገር በደብተር ላይ አስፍሩ። ምን ተከልሁ? የት ተከልሁ? መቼ ተከልሁ? ምን ሆነ? ደርቆ እንደሆነም ጻፉት፤ የደረቀውም ያስተምራል። የመንደራችሁን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጠይቁ። እዚህ ቦታ ድሮ ምን ዛፍ ነበር? ምንጩ በየትኛው ወር ይቀንስ ነበር? የግብርና ሠራተኛው ሲመጣ ደብተራችሁን አሳዩት። መረጃ ሰብስቦ ሲሄድም «ውጤቱን መልሰህ ንገረን» በሉት። ይህ መብታችሁ ነው።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። የባሕር ዛፍን ዘር ያመጣው ሰው ስም እንኳ ዛሬ ያከራክራል። እናንተ ዘንድሮ የምትተክሉት ዛፍ ግን የልጅ ልጆቻችሁን አያከራክር። ጽፋችሁ አቆዩላቸው።



የመወያያ ጥያቄዎች
1. የ1905 ዓ.ም. ገደማው አዋጅ ለምን ሳይፈጸም ቀረ ትላላችሁ?
2. ከዘር ጋር የሚቀመጠው ጽሑፍ ቢጠፋ ምን ጉዳት ይመጣል?
3. በአካባቢያችሁ የጠፋ ዛፍ አለ? ስሙንና ይበቅልበት የነበረውን ቦታ በደብተራችሁ ጻፉ።