ሁለት ፊደል፣ አንድ ልሳን

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው የኢዛና የአክሱም ጽሑፍ በሦስት ቋንቋ፣ በግሪክ፣ በሳባና በግዕዝ፣ የተቀረጸ ነው ሲባል ይሰማል። አባባሉ ፊደልን ከልሳን ጋር ያምታታል።

የግሪኩን ክፍል እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 ገልብጦ ወሰደ። ሦስቱንም በጥንቃቄ መርምሮ ያሳተመው ግን በ1906 የጀርመንን የአክሱም ተልእኮ የመራው ኤኖ ሊትማን ነው፤ ሥራው በ1913 ታተመ። በሳባ ፊደል፣ ከቀኝ ወደ ግራ የተቀረጸው ክፍል ሲነበብ ልሳኑ ግዕዝ ነው። ጸሐፊው የሳባን ወግ ለማስመሰል በቃላት መጨረሻ ላይ «ም» ይደርባል፤ በማይገባበት ቦታ ሳይቀር። ከባሕር ማዶ ያለችውን ሳባን በማዕረጉ ውስጥ ለሚቆጥር ንጉሥ የፊደሉ ግርማ ብቻውን በቂ ሳይሆን አልቀረም።

በግዕዝ ፊደል የተጻፈው ክፍል ደግሞ አናባቢ የለውም። የንጉሡ ስም እንኳ በሦስት ተነባቢዎች፣ በዐ፣ በዘና በነ ብቻ ሰፍሯል፤ ድምፁን ለማወቅ አናባቢ ያለው ግሪኩ ይረዳል። ሁሉም የሚተርኩት በቤጃ ላይ የተደረገውን አንድ ዘመቻ ነው። ነገር ግን ግዕዙ «ማሕረም» የሚለውን አምላክ ግሪኩ «አሬስ» ብሎታል፤ ትርጉሙ ለባዕድ አንባቢ ታስቦ የተደረገ ነው።

በዚሁ ንጉሥ ዘመን በተቀረጹ ሌሎች ድንጋዮች ላይ ፊደላቱ ቅጥያ አውጥተው ሰባቱን ድምፆች ይለያሉ፤ የኢዛናም ስም ከነአናባቢው ይነበባል።