ቅጹ ላይ ያልሰፈረ ስም

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ስለ ታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። የሚበዛው ግን ቤታቸው ስለ ተወረሰባቸው፣ ካሳ ይከፈላል ተብሎ ሳይከፈላቸው ስለ ቀሩት ሰዎች ነው። በተወረሱት ቤቶች ገብተው ስለ ኖሩት፣ ይልቁንም ለመግባትና ለመቆየት ስላስፈለጋቸው ወረቀት የተጻፈው ጥቂት ነው። የቀበሌ ቤት ታሪክ ደግሞ ከግድግዳውና ከጣሪያው ይልቅ በፋይሉ ውስጥ ይገኛል። እኔ የማነሣው ከማውቃቸው ከተሞች፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ፣ በዙሪያቸውም ካለው ገጠር ተነሥቼ ነው።

አስቀድመን ገጠሩን እንይ። ከየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በፊት በጎጃም መሬት የሚገኘው በርስት ነበር። ርስት የሚጠየቀው በትውልድ ቆጠራ ነው። አንድ ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ሽቅብ ቆጥሮ መሬቱን ካቀናው ዋና አባት ዘንድ ከደረሰ «ይገባኛል» ይላል፤ ማስረጃውም የሽማግሌ ቃል ነው። በ1950ዎቹ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት ያጠናው አሜሪካዊው አለን ሆበን እንዳሳየው፣ የሚጠይቀው ብዙ ቢሆንም ድርሻውን በእጁ የሚያስገባው ሹመትና ወዳጅ፣ የክርክርም ችሎታ ያለው ነበር። ስለዚህ የቃሉን ዘመን የፍትሕ ዘመን አድርጌ ላስጌጠው አልፈልግም። ነገር ግን ቆጥሮ የመጣን ሰው «ስምህ የለም» ብሎ የሚመልስ መዝገብ አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ የጎጃም ገበሬ ያመፀው ግብሩን ጠልቶ ብቻ አይደለም፤ መሬት ተለክቶ ከተጻፈ ርስትነቱ ይቀራል ብሎም ሰግቶ ነው። ወረቀትን በጥርጣሬ ማየት በዚያ አገር የቆየ ጠባይ ነው።

ከገጠር ወደ ከተማ የወጣው ሰው ግን ርስቱን ትቶት ወጥቷል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያደጉ የገበያና የመንገደኛ ከተሞች ናቸው። በእነዚህ ከተሞች ቤት ሠርተው ካከራዩት መካከል ባለጠጋ ነጋዴና ሹም እንደ ነበሩ ሁሉ፣ ከባሏ ተፋታ የመጣች፣ ጠላ ጠምቃና አረቄ አውጥታ ባጠራቀመችው ገንዘብ ከጓሮዋ ሁለት ሦስት ክፍል የቀጠለች ሴትም ነበረች። አዋጁ አንድ ሰው ወይም ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አይኖረውም ሲል፣ በሁለቱ መካከል እምብዛም አልለየም።

ለተከራዩ ግን አዋጁ የምሥራች ነበር። የቤት ኪራይ እንደ መጠኑ ከመቶ 15 እስከ 50 ተቀነሰ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ለቀበሌ ተሰጡ። በትንንሽ ከተሞች ትርፍ የተባለው ቤት በአብዛኛው ከዚህ በታች ስለ ነበር፣ የከተማው ድኻ አከራይ ቀበሌ ሆነ። በወር ሦስት ብርና አምስት ብር እየከፈሉ ዕድሜ ልክ የኖሩ ሰዎች አሉ። ይህ ባይሆን ኖሮ ብዙ እናት ልጆቿን የምታሳድገው በየሰው ደጅ ነበር። ይህን ሳይናገሩ ስለ ቀበሌ ቤት ክፋት ብቻ ማውራት ግማሽ እውነት ነው።

የሌላውን አገር ታሪክ ያየ ሰው አንድ ልዩነት ይታየዋል። የኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና እ.ኤ.አ. ከ1923 እስከ 1934 ባሉት ዓመታት ከ60 ሺህ የሚበልጡ መኖሪያዎች ሠርታ ለሠራተኛው አከራየች፤ ያደለቻቸውም ለችግር ነጥብ እየሰጠች ነው። በሽታ፣ የጦር ጉዳት፣ የጠበበ ክፍል እያንዳንዳቸው ነጥብ ነበራቸው። እዚያም ወረቀት ነበረ። ግን ወረቀቱ የተከተለው አዲስ ቤት ነው። እኛ ዘንድ በአብዛኛው የሆነው የቆመውን ጭቃ ቤት መቁጠርና በሩ ላይ ቁጥር መለጠፍ ነው። ቤቱ ሳይጨምር ጠያቂው ሲጨምር፣ ሁሉ ነገር ወደ ፋይሉ ዞረ። ኪራዩ ለጥገና አይበቃ፣ ተከራዩ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስ ይፈራ፤ ግድግዳው እየዘመመ ሄደ። ፋይሉ ግን እየወፈረ ሄደ።

በፋይሉ ውስጥ ምን ነበር? ማመልከቻ፣ ገቢን የሚገልጽ ማስረጃ፣ ሌላ ቤት ያለመኖር ማረጋገጫ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የኪራይ ውል፣ የቤተሰብ ቅጽ። ከገጠር የመጣ ሰው ከገበሬ ማኅበሩ መሸኛ ያመጣል። መታወቂያ ለማውጣት የቤት ቁጥር ይጠየቃል፤ ቤት ለማግኘት ደግሞ መታወቂያ ይጠየቃል። ይህን ቀለበት የሚሰብረው በሰው ቤት ደባል ሆኖ መግባት ነው። ለትምህርት ከገጠር መጥተው በሳምንት በሳምንት ስንቅ እየተመላለሰላቸው የኖሩ ተማሪዎች አብዛኛዎቹ በዚህ መንገድ ያለፉ ናቸው። ዘመኑ ሲከፋ ደግሞ ደባልነት ያስጠይቅ ነበር። በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ፣ በቤቱ ያልተመዘገበ እንግዳ መገኘቱ ብቻ ለአስተናጋጁም ለእንግዳውም ዕዳ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው የቤተሰብ ቅጹ ነው። በዘመነ ደርግ ያቺ አንዲት ወረቀት ብዙ ሥራ ትሠራ ነበር። የቀበሌ ሱቅ ስኳርና ሳሙና የሚያድለው በቤተሰብ ብዛት ነውና፣ ሰው ሁሉ ስሙን ማስመዝገብ ይወድ ነበር። በ1975 ዓ.ም. ግን የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ መጣ፤ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ወጣት ተፈላጊ ሆነ። ፈላጊውም ያው ቀበሌ ነው፤ የሚያነበውም ያንኑ ቅጽ ነው። እናቶች ተጨነቁ። ልጅን ማስመዝገብ ስኳር ያመጣል፤ ልጅን ግን ይወስዳል። ብዙዎች ስኳሩን ትተው ልጁን ደበቁ። «ወደ ገጠር ሄዷል» ያለች አለች፤ ከመጀመሪያው «ልጅ የለኝም» ያለችም አለች። በዚያ ሰዓት ማንም ሊፈርድባቸው አይችልም።

ፍርዱ የመጣው በኋላ ነው። አክስቴ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ወርኃዊ ኪራዩ ስድስት ብር በሆነ የቀበሌ ቤት ጠላ እየሸጠች ኖራለች። አንድ ልጇን በውትድርናው ጊዜ ቅጹ ላይ አላስገባችውም። ከቡሬ ገጠር ያመጣቻትን የእህቷን ልጅ ግን አስመዝግባለች፤ ጸሐፊው ለማሳጠር ይሁን በሌላ ምክንያት «ሠራተኛ» ብሎ ጽፏታል። ልጅቱ አክስቴን አሥር ዓመት አስታማ ቀበረቻት። ከተዝካሩ በኋላ ሁለቱ ልጆች የእድር ሽማግሌዎችን ይዘው ወደ ቀበሌው ሄዱ።

«ቅጹ ላይ ያለችው እሷ ናት» አለ የቤቶች ኃላፊው፤ «እሷ ደግሞ ሠራተኛ ናት፤ ሠራተኛ በአሠሪዋ ቤት አትተካም።»

«ልጃቸውስ?» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«ልጅ የላቸውም ይላል።»

«እኛ ክርስትና ያነሣነውን ልጅ!»

«አባቶቼ፣ እኔ እናንተን አላምንም አላልኩም። ወረቀቱ ነው የማያምናችሁ።»

ይህን ሰው ጉቦኛ ነበር ብዬ ብጽፍ ታሪኩ ይቀልል ነበር። አልነበረም። ቤቱ የተሰጠው ሰባት ዓመት ወረፋ ለጠበቀች፣ ሦስት ልጆች ላሏት ባሏ የሞተባት ሴት ነው። የእሷ ወረቀት የተሟላ ነበር። ልጁ ወደ ባሕር ዳር ሄደ፤ ልጅቱ ወደ ቡሬ ተመለሰች። በገጠር ደንብ ቢሆን ሁለቱም ቆጥረው ይደርሱ ነበር። በከተማ ግን ትውልድ የሚቆጠረው በጸሐፊው እስክሪብቶ ነው።

ይህ ሲሆን ደርግ ከወደቀ ቆይቷል። በየካቲትና በመጋቢት 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ጎጃምን ሲይዝ ብዙ ነገር ተለወጠ፤ የቤቱ ፋይል ግን ሳይለወጥ ከአንዱ መንግሥት ወደ ሌላው ተላለፈ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሎ አጸና። ገጠሩም በተራው የዝርዝርን ኃይል አየ። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ መሬት ሲሸነሸን «ቢሮክራሲ» እና «ቀሪ ፊውዳል» የሚሉ ምድቦች ወጡ፤ ከእነዚህ በአንዱ ስሙ የገባ ገበሬ መሬቱ ወደ አንድ ሄክታር ወረደ። በከተማ ስም ባለመጻፉ የሚጎዳ ሰው እንዳለ፣ በገጠር በመጻፉ የተጎዳ ሰው አለ።

ታዲያ ወረቀት ይጥፋ ልንል ነው? አይደለም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአማራ ክልል ለገበሬው የታደለውን የመሬት ይዞታ ደብተር ያየ ሰው እንዲህ አይልም። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ሰፍሯል። ሴቲቱ ከባሏ ብትለያይ ወይም ቢሞትባት ሽማግሌ ሳትለምን የምታሳየው ነገር አላት። ያው ወረቀት ነው፤ ልዩነቱ ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ማን ይጎዳል ብሎ አስቀድሞ መጠየቁ ነው። በአዲስ አበባም የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ሲወጣ ከመቶ 30ው ለሴቶች እንዲሆን የተደረገው በዚሁ ዓይነት ጥያቄ ነው። ዕጣው ግን የሚወጣው ለተመዘገበ ነው፤ በ1997ና በ2005 ዓ.ም. ለመመዝገብም መታወቂያ ያስፈልግ ነበር። መታወቂያ የሌለው ደባል ያን ጊዜም ከውጭ ነው የቆመው።

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት አንድ ነጥብ ነው። መንግሥት አንድን ቅጽ ለአንድ ጉዳይ ሞልቶ ለሌላ ጉዳይ ሲያነበው፣ ሰው ለመኖር ሲል ይዋሻል፤ ውሸቱም በልጁ ላይ ይጸናል። ለስኳር የተሞላው ለውትድርና ባይነበብ ኖሮ፣ የአክስቴ ልጅ በቅጹ ላይ በኖረ ነበር። ስለዚህ ቅጽ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። የተሞላበት ጉዳይ የታወቀ መሆን አለበት፤ በኋላም ሰው መጥቶ «ይህ እንዲህ አይደለም» ሲል በምስክር የሚታረምበት በር ሊኖረው ይገባል። የእድር ሽማግሌ ቃል ለመቃብር ከበቃ ለአንድ መስመር እርማት አይበቃም ማለት ይከብዳል።

ሌላም አለ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ እንደ ታየው፣ የቆዩ ሰፈሮች ሲፈርሱ የቀበሌ ቤቶችም አብረው ይፈርሳሉ። ቤቶቹ ባይቆዩ ብዙ አላዝንም፤ ዝናብ የሚያስገቡ ነበሩና። የሚያሳዝነኝ ቀበሌ ከቀበሌ ሲዋሐድና ቢሮ ሲቀየር ፋይሎቹ በየመጋዘኑ ለአይጥና ለእርጥበት መተዋቸው ነው። የነገሥታቱን ዜና መዋዕል የሚጠብቅ አገር የጠላ ሻጭዋን፣ የዘበኛውን፣ የደባሉን ታሪክ የሚያገኘው ከዚያ ነው። ያም ታሪክ ሲነበብ የተጻፈውን ብቻ አምኖ ማንበብ አይበቃም። «ልጅ የላቸውም» የሚል መስመር ያየ ተመራማሪ፣ ቅጹ የተሞላበትን ዓመት ደግሞ አብሮ ይመልከት።