ሕፃን በየትኛው ቋንቋ ፊደል ይቁጠር?

ቅዳሜ ጧት፣ ሌሊቱን ታክሲ ስንነዳ ያደርነውም ሳንቀር፣ ልጆቻችንን ፊደል ለማስቆጠር ውድብሪጅ ስንሰበሰብ ከወላጆች የምንሰማው ቅሬታ ዘወትር አንድ ነው፤ «ልጄ መዋዕለ ሕፃናት እስኪገባ አማርኛ አቀላጥፎ ይናገር ነበር፤ በገባ በዓመቱ በእንግሊዝኛ ይመልስልኝ ጀመር።» ቅሬታው እውነት ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ አሜሪካ የተጀመረ ሳይሆን በገዛ አገራችንም የቆየ ታሪክ ያለው ነው።

እንደሚታወቀው የአብዛኞቻችን የመጀመሪያ ትምህርት ቤት የቄስ ትምህርት ቤት ነበር። የኔታ ፊት ተኮልኩለን ሀ ሁ ብለን፣ አቡጊዳን ዘልቀን ዳዊት ስንደግም፣ ንባቡ ግዕዝ ስለነበር ድምፁን እንጂ ትርጉሙን አናውቀውም። (ኩርኩሙ ግን ትርጓሜ አላስፈለገውም።)

በዘመናዊው ትምህርት ቤት አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ የሆነው በ1956 ዓ.ም. ግድም ነው። ቤቱ አማርኛ ለሚነገርበት ልጅ ትልቅ እፎይታ ነበር። ለወለጋው፣ ለሲዳማው፣ ለአፋሩ ሕፃን ግን እንግሊዝኛ ዛሬ ለልጆቻችን የሆነውን ያህል ባዕድ ነበር። እኛ ይህን ያስተዋልነው በራሳችን ልጆች ሲደርስ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጻሕፍት ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች፣ ሁሉም በግዕዝ ፊደል፣ ታተሙ። እናትና አባት በቋንቋቸው ማንበብ ሲጀምሩ ልጃቸው በመደበኛው ክፍል በአማርኛ ቀጠለ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ የተወሰነው በ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ነው።

አሜሪካም ከዚህ አላመለጠችም። የነብራስካ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1919 ስምንተኛ ክፍል ላልጨረሰ ልጅ የውጭ ቋንቋ ማስተማርን ከለከለች። ሜየር የተባለ መምህር አንድ የ10 ዓመት ልጅ ጀርመንኛ በማስነበቡ 25 ዶላር ተቀጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን የሻረው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት «የእኔ ልጅ ቤቱ የሚናገረው ትግርኛ ነው፤ እዚህም በአማርኛ ብቻ ነው የምታስተምሩት?» ብላ ጠየቀችን። መልስ አልነበረንም። ለትግርኛና ለኦሮምኛ አንድ አንድ ክፍል እንዲከፈት ለጠቅላላ ጉባኤው ሐሳብ እናቀርባለን። ኦሮምኛው ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ግድግዳው ላይ የሰቀልነው የፊደል ገበታ ብቻውን አይበቃም። ማስተማር የሚችል አባል ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጥ።