ሥራዎን ለ‹‹ተላላኪ›› ፕሮግራም ከመስጠትዎ በፊት

በየቀኑ ቢሮ ውስጥ ከምንሠራቸው ሥራዎች መካከል ማሰብ የማይጠይቁት ጥቂት አይደሉም። በኢሜይል ተያይዞ የመጣን ደረሰኝ አውርዶ በየፎልደሩ ማስቀመጥ፣ ደንበኞች የሞሉትን ቅጽ ወደ ኤክሴል መገልበጥ፣ ሰኞ ሰኞ ለባልደረቦች ያንኑ ማስታወሻ ደግሞ ደጋግሞ መላክ ጊዜ ይበላሉ እንጂ ዕውቀት አይጠይቁም። እነዚህን ሥራዎች ተቀብለው በራሳቸው የሚያከናውኑ አገልግሎቶች በዓለም ላይ ከተስፋፉ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ችግሩ ስለ እነርሱ የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ ከሻጮቹ ማስታወቂያ መሆኑ ነው። የት እንደሚጠቅሙ ይነገረናል፤ የት ላይ ጉድ እንደሚሠሩን ግን የሚነግረን የለም።

አሠራራቸው ሲበዛ ቀላል ነው። ሁሉም ‹‹ይህ ከሆነ ያንን አድርግ›› በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ የቆሙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሳን ፍራንሲስኮ ሥራ የጀመረው ኢፍት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ዓረፍተ ነገር የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ነው። በዚያው ዓመት የተመሠረተው ዛፒየር በአንፃሩ ይበልጥ ያተኮረው በቢሮ ሥራ ላይ ነው። ማይክሮሶፍት በ2016 ‹‹ፍሎው›› ብሎ ያወጣውን አገልግሎት በ2019 ‹‹ፓወር አውቶሜት›› ሲል ሰይሞታል። አፕል ደግሞ ‹‹ወርክፍሎው›› የተባለውን ፕሮግራም በ2017 ገዝቶ በቀጣዩ ዓመት ‹‹ሾርትከትስ›› በሚል ስም አይፎን ላይ አስገብቶታል። ጥቂት ኮድ መጻፍ ለማይፈራ ሰው ከ2009 ጀምሮ ያለው የጉግል አፕስ ስክሪፕት አለ።

ከመምረጥዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ ሥራው የሚከናወነው የት ነው? እንደ ዛፒየርና አፕስ ስክሪፕት ያሉት የሚሠሩት ውጭ አገር በተቀመጡ ሰርቨሮች ላይ ነው። መብራት ቢጠፋ፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ወይም ስልክዎ ባትሪ ቢጨርስ እነርሱ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። እንደ ታስከርና ማክሮድሮይድ ያሉት የአንድሮይድ ፕሮግራሞች ግን የሚሠሩት ስልክዎ ላይ ነው፤ ስልኩ ሲጠፋ እነርሱም ይተኛሉ። አንዳንድ የስልክ አምራቾች ደግሞ ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ባለቤቱን ሳያማክሩ ይዘጋሉ። በእነዚህ ስልኮች ላይ ፕሮግራሙን ከባትሪ ቁጠባው ነፃ ካላደረጉት ‹‹ትናንት ሠርቶ ዛሬ እምቢ አለ›› ማለትዎ አይቀርም።

የት ይጠቅማሉ?

ብዙ ሰው ሳያስፈልገው ወደ ከባዱ አገልግሎት ይሮጣል። ግማሹ ሥራ ግን እጃችን ላይ ባሉት ፕሮግራሞች ያልቃል። ጂሜይል ከአንድ የተወሰነ ላኪ የሚመጡ ደብዳቤዎችን ለይቶ የሚያስቀምጥ ማጣሪያ አለው። ከሚያዝያ 2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ አሁን የጻፉትን ደብዳቤ ነገ ጠዋት እንዲሄድ ማዘዝ ይቻላል። ቴሌግራምም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ አሠራር ጀምሯል፤ የመላኪያውን ምልክት ጫን አድርጎ በመያዝ ቀንና ሰዓት መምረጥ ነው። መልእክቱ በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ በሰዓቱ ስልክዎ ዝግ ቢሆንም ይሄዳል።

ከዚህ ከፍ ሲል ትርፉ የሚታየው ሁለት ፕሮግራሞችን ሲያገናኙ ነው። እንበል አንድ የሥልጠና ማዕከል ተመዝጋቢዎቹን በጉግል ፎርም ይቀበላል። ቅጹ ራሱ መረጃውን ወደ ሰንጠረዥ ያስገባል። ጥቂት መስመር ኮድ ቢጨመርበት ለተመዝጋቢው የማረጋገጫ ኢሜይል ይልካል፤ ለአስተባባሪውም በቴሌግራም ቦት በኩል ስሙንና ስልኩን ያደርሳል። ይህ ለአንድ ሠራተኛ በየቀኑ የአንድ ሰዓት ሥራ ሊሆን ይችላል። ልብ ሊሉት የሚገባው ግን የቴሌግራም ቦት ከማያውቀው ሰው ጋር ቀድሞ ወሬ መጀመር አይችልም፤ ተቀባዩ መጀመሪያ ‹‹ስታርት›› የሚለውን መጫን አለበት። ከግል የጂሜይል አካውንት በአፕስ ስክሪፕት መላክ የሚቻለውም በቀን ለ100 ተቀባይ ብቻ ነው። ለአንድ ማዕከል ይበቃል፤ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ አይበቃም።

በነፃ የሚሰጡት አገልግሎቶችም ልክ አላቸው። የዛፒየር ነፃ አገልግሎት በወር ከ100 ተግባር አያልፍም፤ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ነገር መኖሩን የሚያየውም በየ15 ደቂቃው ነው። ኢፍት ለዓመታት ያለ ገደብ በነፃ ሲሰጥ ከቆየ በኋላ በመስከረም 2020 (እ.ኤ.አ.) የሚከፈልበትን አገልግሎት ሲያስተዋውቅ ነፃ ተጠቃሚዎቹን በሦስት ትዕዛዝ ብቻ ወስኗቸዋል። ክፍያው በዶላር መሆኑ ለእኛ አገር ተጠቃሚ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ስለዚህ አንድ ሥራ ነፃው ላይ ካልበቃው፣ ካርድ ፍለጋ ከመሄድዎ በፊት በአፕስ ስክሪፕት ይሠራ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ።

አሥራ ሦስት ወር የማያውቅ ተላላኪ

በእኛ አገር ብዙ ሰው የሚሰናከለው በሌላ ቦታ ላይ ነው፤ በቀን፣ በሰዓትና በፊደል። እነዚህ አገልግሎቶች የሚቆጥሩት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። ወር በገባ በ1 የቤት ኪራይ ለማስታወስ ጥቅምት 1 ቀን፣ ማለትም ኦክቶበር 11፣ ‹‹በየወሩ ይደገም›› ብለው ቢያዙ ኅዳር ላይ ማስታወሻው የሚመጣው በ2 ነው። ጥር ላይ በ3፣ የካቲት ላይ በ4፣ ነሐሴ ላይ ደግሞ በ5 ይሆናል። መፍትሔው ‹‹በየወሩ›› ማለትን ትቶ ‹‹በየ30 ቀኑ›› ማለት ነው። መስከረም 1 ላይ የተጀመረ የ30 ቀን ዙር እስከ ነሐሴ 1 ድረስ ሳይዛነፍ ይሄዳል። ቀጥሎ የሚያርፈው ጳጉሜን 1 ላይ ስለሆነ እዚያ ላይ አቁሞ በአዲሱ ዓመት እንደገና ማስጀመር ያሻል። በዓመት አንድ ጊዜ የሰው እጅ ይፈልጋል ማለት ነው። እንደ ፋሲካና እንደ ኢድ ያሉትን ተዘዋዋሪ በዓላት ደግሞ በየዓመቱ በእጅ ከማስገባት የተሻለ ዘዴ የለም።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለማለት 3:00 ብሎ የጻፈ ሰው መልእክቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይሄድበታል። ከዚህ የረቀቀው ስህተት የሰዓት ቀጠናው ነው። አካውንቱ በአዲስ አበባ ፋንታ በኒውዮርክ ሰዓት ተይዞ ከሆነ፣ ልዩነቱን አስልተው ቢያስተካክሉት እንኳ ልፋትዎ ዘላቂ አይሆንም። አሜሪካኖች በማርችና በኖቬምበር ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ በእኛና በእነርሱ መካከል ያለው ልዩነት አንዴ ሰባት፣ አንዴ ስምንት ሰዓት ይሆናል። ለወራት በሰዓቱ ሲመጣ የነበረ ሪፖርት አንድ ቀን በድንገት አንድ ሰዓት የሚዘገየው በዚህ ምክንያት ነው። ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ አዲስ አበባን ወይም ናይሮቢን መምረጥ ይበቃል።

ፊደላችን ላይ ያለው ችግር ደግሞ ብዙም አይወራለትም። ኮምፒዩተር ‹‹ሀ››፣ ‹‹ሐ›› እና ‹‹ኀ››ን ሦስት የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ነው የሚያያቸው። ‹‹ኃይሉ›› የሚለውን ስም እንዲፈልግ የታዘዘ ማጣሪያ ‹‹ሀይሉ›› እና ‹‹ሃይሉ›› ሲመጡ ያሳልፋቸዋል። ‹‹ደመወዝ›› ብለው ያዘዙትም ‹‹ደሞዝ›› ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። በዚህ ላይ ቋንቋችን ቅጥያና መነሻ የሚያበዛ በመሆኑ ጂሜይል ‹‹ደረሰኝ›› ሲባል ‹‹ደረሰኙን›› ወይም ‹‹ለደረሰኝ›› የሚሉትን ይይዝልኛል ብሎ መተማመን አይቻልም። እንዲህ ያለ ማጣሪያ ሲሠሩ በተቻለ መጠን በቃል ሳይሆን በላኪው አድራሻ ይመሥረቱት። ለደንበኞች በራሱ የሚሄድ አጭር የጽሑፍ መልእክት ያዘጋጀም ሰው ይህን ይወቅ፤ አንድ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ሲይዝ በግዕዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ የሚቆጠረው እንደ ሁለትና ሦስት መልእክት ነው።

በሰው ደጅ የቆመ ሥራ

ከላይ የጠቀስናቸው ሁሉ በጥንቃቄ የሚታረሙ ናቸው። የማይታረመው አንድ ነገር ግን አለ። ተላላኪው የሚሠራው ሌሎች ኩባንያዎች በራቸውን እስከከፈቱለት ድረስ ብቻ ነው። በየካቲት 2007 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረውና የዚህ ዓይነቱ አገልግሎት ፈር ቀዳጅ ሊባል የሚችለው ያሁ ፓይፕስ፣ ተጠቃሚዎቹ ስንት ነገር ከገነቡበት በኋላ በ2015 ተዘግቷል። ትዊተር በ2012 ደንቡን ሲያጠብቅ ኢፍት ከትዊተር መረጃ የሚቀበሉትን ትዕዛዞች በሙሉ ለማንሳት ተገዷል። ድርጅቱ ኤክስ ወደ መባል በተሸጋገረበት በ2023 ደግሞ ለዓመታት በነፃ ይሰጥ የነበረውን መግቢያ ባለ ክፍያ አድርጎታል። ጉግልም የተጠቃሚዎቹን ደብዳቤ ሌሎች ኩባንያዎች እንዳያነቡ ገደብ ሲያወጣ፣ በማርች 2019 መጨረሻ ‹‹ኢሜይል ሲመጣልኝ ይህን አድርግ›› የሚሉት የኢፍት ትዕዛዞች ቀርተዋል። ጉግል ያደረገው ለግላዊነት ሲባል ተገቢ ነበር ባይ ነኝ። ቢሆንም በዚያ ላይ ሥራውን ለመሠረተ ሰው ያው ሥራው ቆመ።

ከመቆሙ የሚብሰው ደግሞ ዝም ብሎ መቆሙ ነው። የቢሮ ተላላኪ ሲታመም ወንበሩ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ፕሮግራም ሲቆም የሚታይ ነገር የለም። የይለፍ ቃልዎን ቀየሩ እንበል፤ ግንኙነቱ ሊበጠስ ይችላል። የማስጠንቀቂያው ኢሜይል ቢላክም ማንም በማይከፍተው ፎልደር ውስጥ ያርፋል። ደረሰኝ ለሦስት ወር ሳይቀመጥ ቆይቶ የሚታወቀው ኦዲተር ሲመጣ ነው። ስለዚህ አንድን ሥራ ለእነዚህ አገልግሎቶች ለመስጠት መለኪያው የሥራው ክብደት ሳይሆን፣ ሥራው ሳይሠራ ቢቀር በስንት ቀን ውስጥ እንደሚያውቁት ነው። ዕለቱን የሚያውቁት ከሆነ ይስጡት። ወር የሚፈጅብዎ ከሆነ ከትዕዛዙ ጎን ሌላ ትዕዛዝ ይጨምሩ፤ ይኸውም ዓርብ ዓርብ ‹‹በዚህ ሳምንት ይህን ያህል ደረሰኝ ገብቷል›› የሚል አንድ መስመር እንዲልክልዎ ማድረግ ነው። ዓርብ መልእክቱ ካልመጣ፣ ወይም ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ፣ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

ጨርሶ የማይሰጡ ሥራዎችም አሉ። ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ትዕዛዝ የመጀመሪያው ነው። ከባንክ ወይም ከቴሌብር የሚመጡ አጭር መልእክቶችን ስልክ ላይ ባለ ፕሮግራም ወደ ሰንጠረዥ እያዞሩ ሒሳብ መያዝ ይቻላል፤ ይጠቅማልም። ነገር ግን ያው ፕሮግራም የሚስጥር ቁጥር የያዙትን መልእክቶችም እንደሚያነብ አይርሱ። ሁለተኛው ስሜት የሚነካው ነው። ከወር በፊት ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ‹‹እንኳን አደረሰዎ›› ሐዘን ላይ ለተቀመጠ ቤት ሲደርስ ማንም ‹‹ፕሮግራሙ ነው›› ብሎ አይተረጉመውም። ሦስተኛው በራሱ መልስ የሚሰጥ ነገር ነው። ጂሜይል ዕረፍት ላይ መሆንዎን የሚገልጸውን መልስ ለአንድ ሰው በአራት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚልከው በምክንያት ነው። በራስዎ የሠሩት መልስ ሰጪ ግን ሌላ መልስ ሰጪ ካጋጠመው ሁለቱ ሲመላለሱ ማደራቸው አይቀርም።

ከ2022 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ በዚህ መስክ የገባው አርቴፊሻል ኢንተለጀንስም ብዙ ተስፋ ተሰጥቶታል። ደብዳቤ አንብቦ ማሳጠር፣ የደረሰኝን ፎቶ ወደ ቁጥር መለወጥ ይችላል። ልዩነቱ ግን ተራው ትዕዛዝ ቢሳሳት ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሲሳሳት፣ ይኼኛው ዛሬ ትክክል የሠራውን ነገ ሊሳሳትበት መቻሉ ነው። ውጤቱን ሰው የሚያየው ረቂቅ ለማዘጋጀት ቢውል ይመረጣል።

ፈቃድ የመስጠቱ ጉዳይም ቀላል አይደለም። ‹‹ፍቀድ›› የሚለውን ሲጫኑ ለአንድ ሦስተኛ ወገን የኢሜይልዎን ወይም የሰንጠረዥዎን ቁልፍ አስረከቡ ማለት ነው፤ ትዕዛዙን ቢሰርዙም ቁልፉ እዚያው ሊቀር ይችላል። በጉግል አካውንትዎ የደኅንነት ክፍል ውስጥ ገብተው የማን የማን ፈቃድ እንዳለ ይዩ፤ የማይጠቀሙባቸውን ያንሱ። የቴሌግራም ቦት ‹‹ቶከን›› የተባለው ረዥም ቁጥር በሌላ ሰው እጅ ከገባ ቦቱም የዚያ ሰው ነው። የሚያስተላልፉት የደንበኞችን ስምና ስልክ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የእርስዎ ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የሚይዝ ድርጅት ላይ ግዴታ ይጥላል፤ መረጃን ከአገር ውጭ ስለማስተላለፍም ድንጋጌ አለው። ድርጅትዎ የሕግ ክፍል ካለው ቀድመው ያማክሩ።

በመጨረሻም ሥራ ለሚለቁ ሰዎች የሚሆን ነገር አለ። አብዛኛው እንዲህ ያለ ትዕዛዝ የሚሠራው በድርጅት ስም ሳይሆን በአንድ ትጉህ ሠራተኛ አካውንት ነው። ሠራተኛው ሲለቅ አካውንቱ ይዘጋል፤ ከእርሱ ጋር ምዝገባው፣ ማስታወሻውና ሪፖርቱ ሁሉ ይቆማል። አካውንቱ የግሉ ከሆነ ደግሞ የድርጅቱ መረጃ ከለቀቀም በኋላ ወደ እርሱ መፍሰሱን ይቀጥላል። ስለዚህ ርክክብ ሲደረግ ከላፕቶፑና ከማኅተሙ ዝርዝር ጋር የትኛው ትዕዛዝ በማን አካውንት እንደሚሠራ፣ ምን ምን እንደሚያገናኝና እንዴት እንደሚቆም የሚገልጽ አንድ ገጽ ይጻፍ፤ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙበት።