ትምህርት ከሩቅ ሲመጣ

ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከእርስዋ ወደ ዶሎ፣ በስተምዕራብም በያቤሎ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርደው ቆላ፣ ሕዝቡ ዝናምንና ግጦሽን ተከትሎ ከብቱን የሚነዳበት አገር ነው። እንዲህ ባለ አገር ትምህርት ከሩቅ መምጣቱ ግድ ነው፤ ነገር ግን ከሩቅ የመጣ ትምህርት ሁሉ ከተማሪው ልብ ይደርሳል ማለት አይደለም።

ያለፈውን መለስ ብለን ብንመለከት ይህንኑ እንረዳለን። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛንና ሶማልኛን ጨምሮ እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ያስተማረው፣ ተማሪውን በሚሰማው ልሳን ለመድረስ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ግን በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይተላለፍ ጀመር፤ «ፕላዝማ»ም ተባለ። ምስሉ የጠራ ነበር። ሆኖም በእንግሊዝኛ ፈጥኖ የሚናገረው የቴሌቪዥኑ መምህር፣ ተማሪው ገብቶት እንደ ሆነ ሊጠይቅ አይችልም፤ ለክፍሉ መምህርም የቀረችለት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበረች። መሣሪያው ገባ፤ መምህሩ ግን ዳር ቆመ።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ፈተናው ተመለሰ። የክፍል ማስታወሻን እንዳለ በኢንተርኔት መላክ ማስተማር እንዳልሆነ ያን ጊዜ ታየ። ከዚያ ወዲህ የትምህርት ሚኒስቴር ከማስተር ካርድ ፋውንዴሽንና ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የዩኒቨርሲቲ መምህራንን በኢንተርኔት የማስተማርን ዘዴ ማሠልጠኑ፣ መምህሩን ወደ ቦታው የሚመልስ ሥራ ነው እንላለን።

እንግዲህ አዲሱ መምህር ምን ይማር? አስቀድሞ ተማሪው በመጨረሻ ምን ለመሥራት እንዲችል እንደሚሻ ይወስን። ትምህርቱን በአጫጭር ክፍል ያደላድል፤ በየክፍሉ መጨረሻ ጥያቄ ያኑር፤ ለተማሪውም መልስ ሳይዘገይ እርማት ይስጥ። የቆላውን ተማሪ ካሰበ ደግሞ፣ ከከባድ ፊልም ይልቅ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ ጽሑፍና የሚደመጥ ድምፅ ይምረጥ፤ የሥራ ማቅረቢያውንም ቀን ሰፋ ያድርግ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናም በተከታታይ በቀረ ጊዜ፣ ከብት ተከትሎ ከትምህርቱ የራቀ ልጅ ሰነፍ አልነበረምና።

ከቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች ውሃ የሚወጣው ሰዎች በተርታ ቆመው ባልዲ እየተቀባበሉ ነው። ከመካከል አንድ እጅ ቢጐድል ውሃው ከብቱ ዘንድ አይደርስም። ኢንተርኔትም ባልዲ ነው፤ የሚያቀብለው እጅ መምህሩ ነው።