በላ ልበልሃ

በላ ልበልሃ በጎንደርና በሌሎች የአማራ አካባቢዎች ሲሠራበት የኖረ የቃል ሙግት ሥርዓት ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በአደባባይ፣ ብዙ ጊዜም በዛፍ ጥላ ሥር፣ በዳኛ ፊት ቆመው ተራ በተራ ይናገራሉ።

ንግግሩ በጽሑፍ አይዘጋጅም። ተሟጋቹ ከልጅነቱ ጀምሮ ችሎት እየዋለ የአዋቂዎችን አነጋገር በጆሮው ያጠናል። ዋናው ዝግጅት ግን ትውልድ ቆጠራ ነው። በደጋው አገር ትልቁ የሙግት ምክንያት ርስት ሲሆን፣ ርስት በአባትም በእናትም በኩል ስለሚጠየቅ ከዋና አባት እስከ ራሱ ያለውን ሐረግ ሳያሳስት መጥራት ያልቻለ ሰው መሬቱን ሊያጣ ይችላል። አንደበቱ የማይፈታለት ጠበቃ ያቆማል።

ተናጋሪው ኩታውን አስተካክሎ፣ ዘንጉን ይዞ፣ ቤት በሚመታ ቃል ይጀምራል፤ ከዚያም ባላጋራውን «ተጠየቅ» ብሎ ይጠይቃል። ነገሩን ለማጽናት በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳል፤ የተረታው ይከፍላል። ውርርዱ ባዶ ወሬን ሳይገታ አልቀረም፤ በቅሎ የሌለውን ድሃ ግን ከመናገሩ በፊት ያስፈራዋል።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ክስ በጽሑፍ እንዲቀርብ ደነገገ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ የርስት ሙግት ቀረ። ዛሬ በላ ልበልሃ የሚታየው በአብዛኛው በመድረክ ትርኢት ነው።